ፍየሏ አርግዛ ይሆን? ሆዷን አይመኑ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ባለቤታቸው ጥሏቸው ከሄደ ፍየሎች መካከል አንዷን ከሦስት ሳምንት በፊት ወስጄ መንከባከብ ጀመርኩ። ከወንዶች ጋር ተቀላቅለው ነበር የሚኖሩት። ዕድሜዋንም ሆነ ወልዳ ታውቅ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለም። ጎድኗ ይቆጠራል፤ ሆዷ ግን በርሜል አክሏል። ግቷም ትንሽ ያበጠ መሰለኝ። አርግዛ ነው ወይስ ሆዷ ብቻ ነው? የትል መድኃኒት ልስጣት? ምን ላብላት? ካረገዘችስ መቼ ትወልዳለች?»

አርግዛለች ብለው ይያዟት። ከወጠጤ ጋር ውላ ያደረች ሴት ፍየል፣ አላረገዘችም ተብሎ እስኪረጋገጥ ድረስ እርጉዝ ናት። ይህን ይዘው ቢሳሳቱ የሚከስሩት ጥቂት ድካም ነው። አላረገዘችም ብለው ቢሳሳቱ ግን ግልገሎቹንም እናቲቱንም ሊያጡ ይችላሉ።

«ወንዶቹ እኮ ገና ግልገሎች ነበሩ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ወንድ ግልገል በሦስት በአራት ወሩ ማስረገዝ ይችላል። ሴቷም በአራት በአምስት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች። ወንድም፣ አባት፣ ልጅ የሚባል ነገር እነሱ ዘንድ የለም። አጥርም እምብዛም አያግዳቸውም፤ በሽቦ አጥር ቀዳዳ የተጠቃች ፍየል በዓይኔ አይቻለሁ። ሙክት ነው የተባለውም ወንድ በደንብ ሳይኮላሽ የቀረ ሊሆን ይችላል።

አሁን የቀን መቁጠሪያ ያምጡ። ፍየል በአማካይ 150 ቀን ታረግዛለች። አብዛኞቹ ከ145 እስከ 155 ባለው ቀን ውስጥ ይወልዳሉ። ፍየልዎ መጀመሪያ ከወንድ ጋር የተገናኘችበትን ቀን አናውቅም። የመጨረሻውን ግን እናውቃለን፤ እርስዎ የወሰዷት ዕለት ነው። ከዚያ ዕለት 155 ቀን ቆጥረው ቀኑን በቀይ ያክብቡት። ሦስት ሳምንት ስላለፈ ቢበዛ 134 ቀን ቀርቷታል። ቢያንስስ? ቢያንስ ነገ ጠዋት። መቼ ትወልዳለች ላሉት አሁን የምሰጥዎ መልስ ይኸው ነው፦ ከነገ ጠዋት እስከ ቀዩ ክብ። ምርመራ ይህን ሰፊ ክፍተት ያጠብልናል። ቀዩ ክብ አልፎ አንድ ሳምንት ከተጨመረና ምንም ካልታየ፣ ጉዳዩ እርግዝና አልነበረም ማለት ነው። ሂሳቡ የሚሠራው ግን እርስዎ ጋ ከመጣች ወዲህ ወንድ ካልቀረባት ብቻ ነው።

ስለ ሆዷ እናውራ። የፍየል ሆድ ይዋሻል። በግራ በኩል የተነፋው ትልቁ ጨጓራ ነው፤ የበላችው ሣርና ድርቆሽ የሚብላላበት ቦታ። ደህና የበላች ፍየል ማታ ላይ ብትታይ ያላረገዘች እንኳ የደረሰች ትመስላለች። ጠዋት መኖ ከመስጠትዎ በፊት ከኋላዋ ቆመው ይዩዋት። ግራው ጎኗ ጎደል ብሎ ቀኙ ወደ ታች ወርዶ ከቀረ፣ ያ የሚነግረን ነገር አለ። ማህፀኗ ሲሰፋ ጨጓራው ለቀቅ ባለበት በቀኝና በታች በኩል ነው ቦታ የሚፈልገው። ያም ሆኖ ከወር በፊት ያረገዘችን ፍየል በዓይን አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። አውቃለሁ የሚል ካለ፣ የገመተው ተሳክቶለት ነው።

እርስዎ የነገሩኝ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳስበኛል። ጎድን የሚቆጠርባት፣ ሆዷ ግን የተነፋ ፍየል ብዙ ጊዜ ትል ያለባት ናት። ወይም ለረጅም ጊዜ አንጀት ላይ ጠብ የማይል ገለባ ስትበላ የኖረች። ወይ ሁለቱም። እርጉዝም ሆና ትል ሊኖርባት ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ከሆዷ ይልቅ የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ገለጥ አድርገው ውስጡን ይዩ። ደህና ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ጊዜ አለን። ነጣ ካለ ደሟ አልቋል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጨጓራ ውስጥ ሆኖ ደም የሚመጥ ትል ነው ተጠያቂው። አገጯ ሥር ለስላሳ እብጠት ካለ ደግሞ ነገሩ ከርሟል። ሁለቱም ካሉ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁመው ሐኪም ይጥሩ።

ግቷን በተመለከተ። መጀመሪያዋ የሆነች ፍየል ግቷ መሙላት የሚጀምረው ልትወልድ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲቀራት ነው። ወልዳ የምታውቅ ግን እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ድረስ ጭርሱን ላታሳይ ትችላለች። ከዚያ በአንድ ሌሊት ታጋታለች። በቅርቡ ወልዳ ግልገሎቿን ያጣች ከሆነች ደግሞ፣ ያበጠ የመሰለዎት ግት ከበፊቱ የቀረ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጎን ብቻ ከሞቀ፣ ከጠጠረ ወይም ሲነኩት ካመማት የግት በሽታ ነው፤ ያም የሐኪም ሥራ ነው። አንድ ነገር አደራ፦ ወተት አላት የላትም ለማለት ጡቷን አይለቡት። የጡቷን ቀዳዳ የሚደፍን ሰም መሰል ነገር አለ። እሱን ከከፈቱት ለተህዋስ በር ከፈቱለት ማለት ነው።

በየ21 ቀኑ ገደማ፣ ማለትም ከ18 እስከ 22 ቀን ባለው ጊዜ፣ ያላረገዘች ፍየል አውራ ትፈልጋለች። ጅራቷን ሳታቋርጥ ታወዛውዛለች፤ ያለ ምክንያት ትጮኻለች፤ ብልቷ ቀላ ብሎ ፈሳሽ ያሳያል። አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ይለቃታል። ይህን ካዩ አላረገዘችም ወደሚለው እናዘነብላለን። ካላዩ ግን ምንም ማለት አይደለም። በጣም የከሳች ፍየል ይህን ነገር ታቆማለች። የቀኑ ርዝመት ከወቅት ወቅት በጣም በሚለያይባቸው አገሮች ያሉ ዝርያዎችም ቀኑ ረዘም በሚልበት ወቅት ጨርሰው አይፈልጉም።

እጅዎን ልጠቀም ካሉ፣ የሚሠራው መጨረሻው ላይ ነው። ልትወልድ ወር ወር ተኩል ሲቀራት፣ ከግቷ ፊት ለፊት በቀኝ የታችኛው ሽንጧ ላይ መዳፍዎን በእርጋታ አስደግፈው ይጠብቁ። ግልገል ሲራገጥ ይሰማዎታል። የጨጓራ መንቀሳቀስ እንደ ማዕበል ቀስ ብሎ የሚንከባለል ነው፤ ግልገል ግን ጠቅ ያደርጋል። አይጫኗት፣ ሆዷን ወደ ላይ አይግፉት።

አሁን አንድ የራሴን ስህተት ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ፍየል አየሁ። ሆዷ ደርሷል፣ ግቷ ሞልቷል፣ ቀኑም ገጥሟል። «መንታ ናቸው» ብዬ በሙሉ ልብ ተናገርኩ። አንድ ጠዋት ባለቤቷ ሲነሳ በረቱ በውሃ ርሷል፣ ሆዷ ሟሙቷል፣ ግልገል ግን የለም። እንግዴ ልጅም የለም። ፍየሏ እየዞረች ትጣራለች። ሰውየው አውሬ በልቷቸዋል ወይም ሌባ ወስዷቸዋል ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ ሲጠይቅ ዋለ። ኋላ ነው የገባኝ፤ መጀመሪያውኑ ግልገል አልነበረም። የሐሰት እርግዝና ነበር።

ይህ ነገር ፍየሎች ላይ ብርቅ አይደለም። እንቁላል የወጣበት ቦታ ላይ የሚቀረውና የእርግዝና ሆርሞን የሚያመነጨው ክፍል በጊዜው መጥፋት ሲገባው ሳይጠፋ ይቀራል። አካሏ አርግዣለሁ ብሎ ያምናል። ማህፀኗ በጠራ ፈሳሽ ይሞላል፤ ሆዷም ግቷም ያድጋል። ወንድ ሳይነካት ሊመጣ ይችላል፤ ፅንሱ ገና በለጋው ከሞተም ሊከተል ይችላል። ከውጭ ሲያዩት ከእውነተኛው እርግዝና አይለይም። ከዚያ ወዲህ መሣሪያ ሳላይ አፌን አልከፍትም።

መሣሪያው አልትራሳውንድ ነው። ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው። በሆዷ ቆዳ ላይ ተደርጎ ከ30 እስከ 40 ባለው የእርግዝና ቀን ጀምሮ ያሳያል። በ45 እና በ90 ቀን መካከል ግልገሎቹን ለመቁጠርም ይመቻል፤ ከዚያ በኋላ ስለሚያድጉ ተደራርበው ቆጠራው ይምታታል። እርስዎ ጋ ያለው ችግር ይህ ነው። ፍየሏ ከመጣች 21 ቀን ብቻ ነው። ዛሬ ታይታ ግልገል ከታየ፣ ጥሩ፣ መልሱ ተገኘ። ዛሬ ባይታይ ግን ልትመጣ አንድ ሁለት ቀን ሲቀራት የተጠቃች ልትሆን ስለምትችል ነጻ ናት ማለት አይቻልም። ከመጣች 45 ቀን ሲሞላት ታይታ ማህፀኗ ባዶ ከሆነ ግን ነገሩ አለቀ። ስለዚህ ገንዘብዎ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ግቷም እየሞላ ካልሄደ፣ እስከዚያ ይጠብቁ። ግቷ ከሳምንት ሳምንት ካደገ አይጠብቁ።

የደም ምርመራም አለ። ከእንግዴ ልጅ የሚወጣ ፕሮቲን ነው የሚፈለገው፤ ከተጠቃች ከ28 እስከ 30 ቀን በኋላ ይሠራል። ደሙን ቀድቶ መላክ ብቻ ስለሆነ አልትራሳውንድ ለሌለበት ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ፕሮቲኑ ከወለደች ወይም ካስወረደች በኋላም ለሳምንታት ደሟ ውስጥ ይቆያል። ታሪኳ የማይታወቅ ፍየል ላይ ይህ ሊያሳስት ይችላል። ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሆርሞን ብቻ የሚለካው ምርመራ ደግሞ የሐሰቱን እርግዝና ከእውነተኛው አይለይም። ኤክስሬይ የሚጠቅመው የግልገሎቹ አጥንት ከጠነከረ በኋላ፣ ወደ መጨረሻው ነው። ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ደግሞ ይህንንም ልበል፦ ለሴቶች የሚሸጠው የሽንት እርግዝና መመርመሪያ ለፍየል አይሠራም። የሚፈልገውን ሆርሞን ፍየል አታመነጨውም። ይተዉት።

ወደ መድኃኒቱ ጥያቄ ልምጣ። መልሴ፦ ሐኪም ሳያያት ምንም አይስጧት። የፍየል እርግዝና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያዘው ከእንቁላል ማፍሪያዋ በሚመጣ ሆርሞን ነው። በዚህ ከበግ ትለያለች፤ በግ ከመንገዱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ካለፈች በኋላ እንግዴ ልጁ ይረከባታል። ስለዚህ ያንን ሆርሞን የሚያቋርጥ ነገር በየትኛውም ወር ፍየሏን ያስወርዳታል። ፕሮስታግላንዲን እንዲህ ያደርጋል፤ ለሐሰቱ እርግዝና ፍቱን የሆነው መድኃኒት እሱ ነው፣ ያለ አልትራሳውንድ አይሰጥም የምለውም ለዚህ ነው። ዴክሳሜታሶንና መሰሎቹም ለሌላ ሕመም ተብለው ተሰጥተው ሊያስወርዱ ይችላሉ።

ከትል መድኃኒቶች በተለይ አልቤንዳዞል በመጀመሪያው የእርግዝና ወር ፅንሱን ሊያበላሽ ይችላል። እርስዎ ጋ የመጣችው ከ21 ቀን በፊት ነው። ካረገዘች ምናልባት እዚያው ወር ውስጥ ነች። ደግነቱ፣ ለእርጉዝ የሚሰጡ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ ሐኪሙ ይመርጣል። ከዚያ በፊት ትኩስ በጠጧን በንጹሕ ፕላስቲክ ቋጥረው ይውሰዱለት። የትል እንቁላል ተቆጥሮ ነው መወሰን ያለበት። በጭፍን በየወሩ መድኃኒት መጋት ትሉን ያላምደዋል እንጂ አያጠፋውም። ዓይኗ ነጭ ከሆነ ግን ሕክምናው አይዘገይም። ልትወልድ ስትቀርብና እንደወለደች ሰውነቷ ትል የመከላከል አቅሙ ስለሚዳከም፣ በጠጡ ያን ጊዜ ድጋሚ ቢታይ መልካም ነው።

ክትባትም አለ። ለቴታነስና ለአንጀት መመረዝ የሚሰጠው ክትባት ልትወልድ አንድ ወር ገደማ ሲቀራት ቢሰጣት መከላከያው በእንገሩ በኩል ለግልገሎቹ ይተላለፋል። ተከትባ የማታውቅ ከሆነ ሁለት ጊዜ፣ በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ልዩነት መውሰድ አለባት። ታሪኳ ስለማይታወቅ እንዳልተከተበች ነው የምንቆጥራት።

ምን ላብላት? እዚህ ላይ ደግ ሰው ነው የሚሳሳተው። የተራበች ፍየል ቤት ትመጣለች፣ አንጀት ትበላለች፣ ባልዲ ሙሉ እህል ይቀርብላታል። በማግስቱ ትሞታለች። ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተህዋስያን ገለባ የለመዱ ናቸው። እህል በብዛት ሲመጣ ጨጓራው ወደ አሲድነት ይለወጣል። ስለዚህ መሠረቱ ጥሩ፣ ያልሻገተ ድርቆሽ ይሁን፤ እንዳሻት ትብላ። ንጹሕ ውሃ አይለያት። ለፍየል ተብሎ የተዘጋጀ የማዕድን ጨው ያስቀምጡላት፤ የበጉ መዳብ ስለሚያንሰው አይበቃትም። እህል ካስፈለገ በእፍኝ ይጀምሩ፤ በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። የሻገተ መኖ ለእርጉዝ ፍየል ጨርሶ አይሆንም፤ በተለይ የተበላሸ ገፈራ (ታምቆ የተብላላ እርጥብ መኖ) ሊስቴሪያ የሚባል ተህዋስ ይዞ ያስወርዳል፣ አንጎልም ይመታል።

ምን ያህል እንደምትበላ የሚነግርዎ ሆዷ ሳይሆን ወገቧ ነው። መጨረሻው ጎድንና ዳሌዋ መካከል አከርካሪዋን በጣትዎ ይዳስሱ። ከዚያ ፍርምባዋን ይያዙ። አጥንቱ እንደ መጋዝ ከቆረቆረ ከሲታ ናት። አጥንቱ ጭርሱን ካልተገኘ ወፍራለች። ከአንድ እስከ አምስት በሚሰጠው ነጥብ ሦስት አካባቢ ሆና ብትወልድ እንወዳለን። በየሁለት ሳምንቱ ይዳስሷትና ይጻፉት። በቀን በቀን ሲያይዋት ለውጡ አይታይዎትም።

የፅንሱ እድገት ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሰባት ሳምንታት ውስጥ ነው። በዚያው ሰዓት ማህፀኑ ጨጓራውን ይጫነዋል። ፍላጎቷ ይጨምራል፣ ቦታዋ ይጠባል። ያን ጊዜ ነው የተሻለ ድርቆሽና ትንሽ እህል፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ የሚሰጠው። ይህን ካላገኘች፣ በተለይ መንታ ወይም ሦስት ከያዘች፣ የራሷን ስብ ማቅለጥ ትጀምራለች። ስቡ ሲቀልጥ ኪቶን የሚባል ነገር ደሟ ውስጥ ይከማቻል። ኪቶኑ የምግብ ፍላጎቷን ይዘጋል። ባለመብላቷ ደግሞ የበለጠ ስብ ይቀልጣል። የእርግዝና መመረዝ የምንለው ይህ ነው። የከሳችም ከልክ በላይ የወፈረችም ለዚህ ትጋለጣለች።

ምልክቱ በጣም ቀላል ሆኖ ይጀምራል። ጠዋት እህሏን ትተዋለች፤ ድርቆሹን ትቀማምሳለች። ከሌሎቹ ራቅ ብላ ትቆማለች። እግሯ ያብጣል። ጥርሷን ታፋጫለች። ትንፋሿ እንደበሰለ ፍሬ ወይም እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ቀጥሎ ትንገዳገዳለች፣ ዓይኗ ያየ አይመስልም፣ ትተኛለች። ከተኛች በኋላ ማዳን ከባድ ነው። ስለዚህ «ዛሬ ትንሽ ደበራት» ብለው አያሳልፉት። የሽንት መመርመሪያ ወረቀት እዚህ ላይ ይሠራል፤ ኪቶን የሚለካውን ማለቴ ነው። ፍየል ተኝታ ስትነሳ ወዲያው ትሸናለችና ጠዋት በጣሳ መያዝ አይከብድም። ወረቀቱ ቀለም ከለወጠ በዚያው ሰዓት ሐኪም ይደውሉ። አንዳንዴ እናቲቱን ለማትረፍ ግልገሎቹን በመርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ማውጣት ግድ ይሆናል። የካልሲየም ማነስም ተመሳሳይ ድካም ያመጣል፤ ሁለቱን የሚለየው ሐኪሙ ነው። መዋጥ ላቃታት ፍየል ግን ምንም ነገር በአፏ አይጋቱ፤ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል።

ጥርሷን አይተዋል? የፊት የታችኛው ጥርሶቿ ሁሉ ትናንሽ የወተት ጥርሶች ከሆኑ ገና ዓመት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ናት። ሁለት ትልልቅ ካወጣች ዓመቷን አልፋለች፤ አራት ከሆኑ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ስምንቱም ከተለወጡ አራት አካባቢ ነው። ይህን የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ራሷ ግልገል የሆነች፣ የከሳች ፍየል አርግዛ ከሆነ ዳሌዋ ላይበቃ ይችላል። በጊዜ ከታወቀ ሐኪሙ እርግዝናውን በመርፌ ማቋረጥ ይችላል፤ በቶሎ ሲሆን ለእሷ ቀላል ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይከፋዋል። እኔ ግን በእንዲህ ያለች ፍየል ላይ ጭካኔ አይመስለኝም። ማህፀኗ ውስጥ ያሉት ካደጉ በኋላ ያለው ምርጫ ምጡን በንቃት መጠበቅና ለቀዶ ሕክምና መዘጋጀት ነው።

ለራስዎም ያስቡ። ፍየሎች ምንም ሳይታመሙ የሚያስተላልፏቸው በሽታዎች አሉ፤ ኪው ፊቨር፣ ብሩሴሎሲስ፣ ክላሚዲያ፣ ቶክሶፕላዝማ። አብዛኞቹ በብዛት የሚገኙት በሽርት ውሃውና በእንግዴ ልጁ ውስጥ ነው። ቤትዎ ውስጥ እርጉዝ ሴት ካለች በምጡም ሆነ በረት በማጽዳት አትድረስ። የልብ ቫልቭ ችግር ያለበት ወይም የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰውም እንዲሁ። ሌላው ሰው ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ። ወተቷን ሳይፈላ አይጠጡ። ሌሎች ፍየሎች ካሉዎት ቢያንስ ለአንድ ወር ለይተው ያቆዩዋት፤ እስክትወልድ ቢሆን ደግሞ እመርጣለሁ። ካስወረደች ፅንሱንም እንግዴ ልጁንም በጓንት አንስተው፣ በፕላስቲክ ጠቅልለውና አቀዝቅዘው ለሐኪሙ ይውሰዱ። አይጣሉት፣ ለውሻም አይስጡት። ምክንያቱ የሚታወቀው ከዚያ ነው።

የምጡ ቀን ሲቃረብ ከጅራቷ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ጅማቶች በየቀኑ ይዳስሱ። እንደ እርሳስ ጠንካራ ሆነው ይሰማሉ። ልስልስ ብለው ሲጠፉ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ትወልዳለች። ሽንጧ ይጎደጉዳል፣ ግቷ ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ መሬት ትጭራለች፣ ዞራ ወደ ሆዷ ታያለች። አንዳንዷ ቀስ ብላ ለሆዷ ታወራለች፤ ይህን ሳይ ዛሬም ደስ ይለኛል። ያን ጊዜ ንጹሕ ደረቅ ጉዝጓዝ ያለበት ቦታ ይስጧትና ራቅ ብለው ይቀመጡ። የመጀመሪያው ደረጃ እስከ 12 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ አይቸኩሉ።

መግፋት ከጀመረች በኋላ ግን ሰዓትዎን ይዩ። ሁለት የፊት ሰኮናና በላያቸው አፍንጫ ከታየ ጥሩ ነው። ሁለት የኋላ እግር ቀድሞ ቢመጣም ይወለዳል፤ መውጣቱ ብቻ መዘግየት የለበትም። ግማሽ ሰዓት በኃይል ገፍታ ምንም ካልመጣ፣ ወይም ጭንቅላት ብቻ፣ አንድ እግር ብቻ ወይም ጅራት ከታየ ሐኪም ይደውሉ። ስልኩን ያን ቀን አይፈልጉት፤ አሁኑኑ ይያዙት፣ ሌሊት የሚያነሳ መሆኑንም ይጠይቁ። እንግዴ ልጁ በ12 ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። ተንጠልጥሎ ቢያዩት አይጎትቱት፤ ማህፀኗ ሊደማ ይችላል።

ግልገሉ ሲወለድ አፍንጫውን ይጥረጉለት፤ ቀሪውን እናቱ ትልሰዋለች። እትብቱን 7 በመቶ አዮዲን ውስጥ ይንከሩት። በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ እንገር ይጥባ። በመጀመሪያው ቀን የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ማግኘት አለበት፤ ሦስት ኪሎ ለሚመዝን 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ተከፋፍሎ። ከሲታ እናት እንገሯ ሊያንስ ይችላልና ምትክ የሚያገኙበትን ቦታ ከወዲሁ ይጠይቁ። አፉ የቀዘቀዘ፣ ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ የወረደ ግልገል መጀመሪያ ይሞቃል፤ ከዚያ ነው የሚጠባው። ሐኪሙ ደም ሲቀዳት ሲኤኢ የሚባለውን፣ የፍየልን መገጣጠሚያና አንጎል የሚጎዳ ቫይረስ አብሮ እንዲያይ ይንገሩት። ይህ ቫይረስ በእንገርና በወተት ወደ ግልገሉ ያልፋል፤ ካለባት ግልገሎቹን ገና ሳይጠቡ መለየትና እንገሩን በ56 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት አሙቆ መስጠት ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ከሞቀ ይረጋል፣ ጥቅሙም ይጠፋል።

ወንድ ከወለደች የተወለደበትን ቀን እዚያው የቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፉት። ሦስት ወር ሳይሞላው ወይ ይኮላሽ ወይ ከእናቱና ከእህቶቹ ይለይ። አለዚያ በሚቀጥለው ዓመት ይህንኑ ጥያቄ መልሰው ይልኩልኛል።